ስምሽ ያልተጻፈበት ወንበር

ጽጌዬ፣ በሰው ፊት ቃሌን ቀይረሽብኛል። ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ነው፤ እኔ ግን ይህን የሰማሁት ከቀበርኩሽ በኋላ፣ በአርባሽ ዕለት ነው።

ከጡረታ በኋላ በፈቃደኝነት የምሠራባትን፣ ባሕሩ ዳር ያለችውን ትንሽ የባቡር ጣቢያ ታውቂያታለሽ። በምሥረታ በዓሏ ቀን ታሪኳን እንድናገር ጠየቁኝ። ስዊድንኛን ያለ አስተማሪ፣ ከመዝገበ ቃላት ስለተማርኩት ዓይኔ ያነባል እንጂ ጆሮዬ አይከተልም። ስለዚህ እኔ በአማርኛ ስናገር፣ እዚሁ ስዊድን ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ተረጎምሽ።

ያልኩት ይህ ነበር። ሐዲዱ መጀመሪያ የተዘረጋው ለጡብ ነው። ወዛደሮች በዚያ ብርድ ጡቡን ከባቡር እያወረዱ ወደ ጀልባ ተሸከሙ። ነጭ ጥላ የያዙት የሽርሽር እመቤቶች የመጡት በኋላ ነው። የመኪና መንገድ ሲወጣ ሁሉም ትቷት ተዘጋች። እናንተ አድሳችሁ ስትከፍቷት ግድግዳው ላይ የሰቀላችሁት የእመቤቶቹን ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ጀርባቸው የጎበጠውን የወዛደሮቹንም ስቀሉ።

አጨበጨቡ። ክረምቱን ሙሉ ፎቶግራፉ እስኪሰቀል ጠበቅሁ። አንቺም ስዊድኖች ነገር ሲያደርጉ ቀስ ይላሉ አልሽኝ።

በአርባሽ የጣቢያዋ ኃላፊ፣ ያቺ ረጅሟ ሴትዮ፣ አልቢ ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጣች። የዚያን ቀን የምስጋና ንግግሬን እንደማትረሳው ነገረችኝ፤ ስደተኛውን ስላስጠጋችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ያልኩበትን። ልጃችን ምንም ሳትጠረጥር ተረጎመችልኝ። እንግዶቹ ሲሄዱ በእውነት ያልኩትን ለልጃችን ነገርኳት። እማዬ እንዳይጠሉህ ብላ ነው አባዬ አለችኝ፣ በስዊድንኛ። ያንንስ ጆሮዬ ሰማ።

ሴትዮዋ ባሕሩን በሚያየው ወንበር ላይ ስምሽን ልታስጽፍ ነበር። የባሕር ነፋስ አትወድም ነበር ብዬ ከለከልኩ። ልጅሽ አለቀሰች። ነፋሱንስ ትወጂው ነበር። የጡብ ተሸካሚዎቹ ፎቶግራፍ ሳይሰቀል የአንቺ ስም አይጻፍም።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ያንን ወንበር የምቀባው እኔ ነኝ።

ሙት ዓመትሽን እዘክራለሁ፤ በረዶውን ከመቃብርሽ ላይ እጠርጋለሁ፤ ስምሽን በጸሎት ሳልጠራ አላድርም። ይህን ነገር ግን ለልጅሽም፣ ለጣቢያዋ ሰዎችም፣ ለአንቺም ዳግመኛ አላነሳውም።