ጠበሉ እስኪያልቅ

ዘይነት፣

ወንድሜ መሪጌታ ሣህሉ በታንኳ ሊወስደኝ መጥቷል፤ ዘጌ እሱ ቤት እሆናለሁ። አትከተይኝ።

ዶሮዎቹ እህል አልቀመሱም። የሥጋ ድስቴን ከምድጃው አንስቻለሁ፤ ከእንግዲህ ዕቃ መለየት የለብሽም።

ለጡቴ ካንሰር ወደ አዲስ አበባ ሐኪሞቹ የጻፉልኝ ወረቀትና የቀበሌው የጉዞ ይለፍ ፍራሹ ሥር አሉ፤ አቃጥያቸው። እኔ ጠበል ላይ ሳለሁ የይለፉ ቀን አለቀ። ሌላ ሳላስጽፍ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው።

ሰባቱን ቀን ልጨርስ ያልሁት እኔ ነኝ። ባንቺ አልፈርድም።

ግን ወደ ጠበሉ የሄድሁ ዕለት ሐኪም ይቅደም ልትይኝ አፍሽ ላይ ደርሶ ነበር። ሃይማኖቷን እነካለሁ ብለሽ ዋጥሽው።

አሥር ዓመት አብረን ኖረን፣ ዘይነት።

ምነው በተናገርሽ።

የብርጓል