ስላልጠፋው አራት ሊትር ቤንዚን

ወንድሜ አኒስ ሌባ አይደለም! ተጣራ፣ ታወቀ፣ አለቀ! አራቱን ሊትር ቤንዚን የጠጣችው ራሷ መኪናዋ ናት፤ ያውም በሐቋ!

ይቅርታ፣ ደስታዬ ከሰላምታዬ ቀደመብኝ።

ለተከበሩ አቶ ሣህሉ፣ የተሽከርካሪዎች ነዳጅ ኮታና ፍጆታ ክፍል ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ይልቁንም ያ ክብ ማኅተምዎ ደህና ናችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከሀፍረት በቀር ምንም አላመመኝም። ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ፣ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ የጨርቅ ሱቅ ያለኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ እንቅልፍ የሚጥለኝ መሪየም ነኝ። ያ እንቅልፍ ምን እንዳስከፈለኝ ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ።

እንደሚያውቁት ዓምና በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ፣ ሃይብሪድ የሚሏትን መኪና ገዛሁ። ከተማ ውስጥ እኔ እነዳታለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ታናሽ ወንድሜ አኒስ ጨርቅ ጭኖባት ማክሰኝት ገበያ ደርሶ ይመለሳል። የሄደችውንና የጠጣችውን በየወሩ በእርስዎ ቅጽ ላይ ሞልቼ አቀርባለሁ። እንግዲህ ምስጋናዬና ቅሬታዬ ተቀላቅለው የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ቅጽዎን ላመስግን። በቅጽዎ ሕግ መሠረት ማንኛውም መኪና ከተማ ውስጥ ብዙ ይጠጣል፣ አገር አቋራጭ ሲሄድ ጥቂት ይጠጣል። የኔዋ ግን ቅጹን ሳታነብ ነው መሰለኝ ወደ አገራችን የገባችው፤ ከተማ ውስጥ በአንድ ሊትር ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር የምትሄድ ጨዋ፣ ማክሰኝት ስትሄድ አሥራ ሰባት ላይ ትደክማለች። እርስዎም ከወንበርዎ መነሣት፣ መኪናዋንም ማየት ሳያስፈልግዎ፣ በቀይ እስክሪብቶ «በአንድ ጉዞ አራት ሊትር ጉድለት፤ አሽከርካሪው ይጠየቅ» ብለው ማኅተምዎን አሳረፉበት። እንዲህ ያለ ፍጥነት በሌላ ጉዳይ ስላላየሁብዎ እጅግ ተደንቄያለሁ።

ሁለተኛ፣ ማኅተምዎ ከመጠን በላይ ጥርት ብሎ መውጣቱን እከስሳለሁ። ደብዘዝ ቢል ኖሮ ምናልባት አስብ ነበር። እኔ ግን አርባ ዓመት ከማውቀው ወንድሜ ይልቅ ሁለት ደቂቃ ያየሁትን ክብ ቀለም አመንሁ፤ ወረቀቱንም እናታችን ፊት፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። አኒስም የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ እታለም፣ አራት ሊትር ሰርቄ ለሻይ ላፈላው ኖሯል? ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቤቴን አልረገጠም። የረመዳን ዒድ አለፈ፣ አልመጣም። የዓረፋ ዒድም አለፈ፤ የሥጋ ድርሻዬን ግን አላስቀረብኝም፣ በጎረቤት እጅ ላከልኝ። ያን ሥጋ እንዴት እንደዋጥሁት አላህ ያውቃል።

ሦስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በመሪየም ላይ ነው። እኔ ብልኋ፣ ስርቆቱን በማስረጃ ላረጋግጥ ብዬ ራሴ ማክሰኝት ሄድሁ። ታንኩን ሞልቼ ክዳኑን በፕላስተር አሸግሁ፤ በፕላስተሩም ላይ ፈረምሁበት። ምሳዬን መኪናዋ ውስጥ በላሁ፤ ጨርቁን በመስኮት ሸጥሁ፤ አንዲት ደንበኛዬ እግሬን ያመመኝ መስሏት አዘነችልኝ። ተመልሼ ፊርማዬ ሳይነካ ባገኘሁት ጊዜ፣ አሁን አራት ሊትር ቀንሶ ይገባበታል፣ አኒስ ተያዘ ብዬ ጮቤ ረገጥሁ። ከዚያ ያንኑ ታንክ ሳስሞላ አሥራ ስድስት ሊትር ገባበት፤ ልክ አኒስ ሲነዳት የምትጠጣውን ያህል! እንግዲህ ሌባው እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ያውም በገዛ ፊርማዬ ታሽጌ።

ጋራዥ ያላቸው ጋሽ አበራ እየሳቁ አስረዱኝ። ለካ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ፊቷ ሲደነቀርባት ፍሬን ትይዛለች፤ ፍሬን ስትይዝ ባትሪዋ ይሞላል፤ ቆማ ስትጠብቅ ሞተሯ ይጠፋል፤ ስትነሣም በባትሪዋ ትነሣለች። ከከተማችን መውጫ ያለውን የዓባይን ድልድይ ተሻግራ አስፋልቱ ሲዘረጋላት ግን የሚያስቆማት የለ፣ ሞተሯም ዕረፍት የለው፣ ነፋሱን እየገፋች ትጠጣለች። ይህማ እኔው ነኝ! ከቤቴ እስከ ሱቄ በየደጁ ቆሜ ሰላም ስል ጉልበት እየሰበሰብሁ ነው የምገባው፤ የማናግረው ሰው በሌለበት መንገድ ብትለቁኝ ግን ግማሽ ሳልደርስ አልቃለሁ። ፊዚክስ ቢያመልጠኝ፣ ራሴን የመሰለች መኪና እየነዳሁ አላወቅሁም ይባላል?

ሽማግሌ ላክሁ። የፕላስተሩን ነገር ሲነግሩት አኒስ ሳቀ አሉ፤ እሱ ከሳቀ ደግሞ ታረቀ ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ በማኅተም ያዋረድሽኝን በማኅተም አንሺኝ አለ። ቢሮዎ መጥቼ ስለምንዎት ቅጹ «ጉድለት» የሚል እንጂ «ተሳስተናል» የሚል ሳጥን እንደሌለው በትሕትና ገለጹልኝ። ስለ ትሕትናዎም አመሰግናለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣም፣ በሱቄ በር ላይም አወጣሁት። እኔም በበኩሌ እንዲህ ስል አረጋግጣለሁ፤ ወንድሜ አኒስ ከመኪናዬ አንዲት ጠብታ አልወሰደም፤ የወሰድሁት እኔ ነኝ፣ የእሱን ስም።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ሀፍረት ጋር፣
መሪየም ሙሀመድሰዒድ
(በማኅተም ፋንታ በሱቄ በር ላይ ባለው ደብዳቤ ግርጌ ያ የፈረምሁበት ፕላስተር ተለጥፏል።)

ግልባጭ፦
ለወንድሜ ለአኒስ
ለእናታችን
ለጋሽ አበራ ጋራዥ
ለመኪናዋ

ማሳሰቢያ፦ የቢሮዎ መኪና በከተማም በአገር አቋራጭም ሁልጊዜ እኩል እንደምትጠጣ፣ ደጅ ቆማ በዋለች ቀንም እንደማትቀንስ ሰምቻለሁ፤ ጋሽ አበራ እንዲህ ያለ ቴክኖሎጂ ገና አልደረሰኝም ብለዋል። ስለዚህ ለእኔና ለአኒስ ዕርቅ ነዳጅ እንዳይባክን በእግርዎ ይምጡ፣ ቤቴ ቅርብ ነው። በግ ይታረዳል፤ ቀኑ ጾም ስለሆነ ለእርስዎና ለጋሽ አበራ ሽሮና የሱፍ ፍትፍት ለብቻ ይሰናዳል። ማኅተምዎን ይዘው ቢመጡ ደግሞ ከአኒስ ጎን አስቀምጥዎታለሁ። ወረቀቱን ሳነብ የሰማችሁ ዘመዶች ሁሉ፣ ይህንንም ሳነብ ልትሰሙ ግድ ነውና አንድ ሰው እንዳይቀር፦ ዓርብ ሰኔ 5፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ!