ቡድናችንን ላስ ቬጋስ አገኘሁት

ቬርኔታ፣ ጤናሽን እንዴት ነሽ?

ለእህቴ ልጅ ሰርግ ላስ ቬጋስ መጥቼ፣ ከኦክላንድ ነቅለው የወሰዱብንን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ስታዲየም ገብቼ አየሁት። ምን ዋጋ አለው! ሰዉ ሰርግ ቤት እንደተጠራ እንግዳ ቁጭ ብሏል። ተጋጣሚዎቹ ኳስ ሲይዙ፣ እርስ በርስ የሚሰጣጡትን ትእዛዝ እንዳይሰሙ እንደ ልማዳችን ብድግ ብዬ ጮህኩ። ብቻዬን! ከኋላዬ ያለች ሴትዮ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ «አባባ፣ ኧረ ይቀመጡ፣ ከለሉን እኮ! ዛሬ ገና መምጣትዎ ነው?» አትለኝም መሰለሽ! ሃያ አምስት ዓመት ዝናብ ላይ ቆሜ ለጮህኩት ለእኔ! «እመቤቴ፣ የተቀመጡት እኮ እኔ ቤት ነው» አልኳት። እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው።

የፖስት ካርዱ ቦታ ሊያልቅብኝ ነው። ለእናትሽና ለሰፈሩ ሁሉ ሰላም በይልኝ። አንድ ነገር ግን ልናዘዝ፤ ልጆቻችን ነጥብ ሲያስቆጥሩ ከሁሉም ቀድሜ የዘለልኩት እኔው ነኝ። ጥለውን ሲሄዱ ማልያችንን አብረን አቃጥለን፣ ሁለተኛ ላናያቸው ምለን! ለፖስተኛው ለሎኒ እንዳትነግሪው፤ እሱም አብሮን ምሏል።

ሎኒ፣ ይህን ካርድ መንገድ ላይ እንደምታነበው አውቃለሁ። እሁድ እሁድ መጋረጃህን ዘግተህ በቴሌቪዥን የማንን ጨዋታ እንደምታይም አውቃለሁ። ዝም ብለህ አድርስ!

ኦዴል