ክንዴን አንገቴ ላይ ላሰሩልኝ ሐኪም

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የሁለቱንም ትከሻዎችዎን ደኅንነት፣ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። አብረን ስናድግ አንተ እልዎት ነበር፤ ከእንግዲህ ግን እርስዎ ማለቱ ለሁለታችንም የሚሻል መስሎኛል።

እንደሚያውቁት ቀለም ቀቢ ነኝ። ቀኝ እጄ ኮርኒስ ካልደረሰ ጾሜን ማደሬ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ትከሻዬን አሞኝ ስመጣ፣ ሸሚዜን ሳያስወልቁ፣ ከወንበርዎም ሳይነሱ፣ በሩ ላይ እንደቆምኩ በሽታዬን ስላወቁልኝ አመሰግናለሁ። በጣቢያዎ ልማድ ክንዱን ያመመው ሁሉ በነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ ይታሰርለታልና እኔም ታሰረልኝ፤ እንዳላንቀሳቅሰውም ታዘዝኩ።

፪. ባለቤቴ ቀስ እያልኩ እንዳፍታታው ብትመክረኝ፣ ከሐኪም ልትበልጪ ነው ወይ ብዬ ስለ እርስዎ ክብር አኩርፌያታለሁ። ሸሚዜን የምታለብሰኝ እሷው ስለነበረች ኩርፊያው አልበጀኝም። ክንዴ ግን ትእዛዝዎን አክብሮ፣ ጨርቁ ሲፈታም እንደታሰረ ቀረ።

፫. ጨንቆኝ ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ብሄድ፣ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ሕመሙ የትከሻ መድረቅ መሆኑን፣ የመጋጠሚያው ሽፋን አብጦ እንደሚኮማተር፣ አስሮ ማስቀመጥም እንደሚያባብሰው አስረዳችኝ። ሕመሙ የስኳር በሽታ ያለበትን ሰው ስለሚያዘወትር ደሜን አስመረመረችኝ። ከዚያም ትከሻዬን በሙቅ ፎጣ አሙቃ፣ በጣቶቼ ግድግዳውን ሽቅብ እያስወጣች፣ የደረስኩበትን በእርሳስ ምልክት አደረገችልኝ። ምልክቶቹን ሳይ ክው አልኩ። ባለፈው ዓመት ቢሮዎን ስቀባ፣ ከበሩ ጀርባ ሽቅብ የሚወጡ እንዲሁ ያሉ የእርሳስ ጭረቶችን ሸፍናቸው ብለውኝ በገዛ እጄ ሸፍኜልዎታለሁ። የእርስዎም ትከሻ ደርቆ እንደነበር፣ በልምምድም እንደዳኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ምክንያቱን ልጠይቅ ብመጣ፣ ለጉልበት ሠራተኛ ከእረፍት የተሻለ መድኃኒት የለም ብለው በጸሐፊዎ በኩል ላኩብኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ከትከሻዬ ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ ነው። ሌላ ሐኪም ቢሆን አላወቀም ብዬ አልፈው ነበር። እርስዎ ግን ለራስዎ የሚያውቁትን ለእኔ ነፈጉኝ፤ እኔም አምኜዎት ነበር።

ክብርዎ ከማይነሱበት ወንበርዎ ጋር ጸንቶ እንዲኖር እየተመኘሁ፣

ለጊዜው የግድግዳውን የታችኛውን ግማሽ ብቻ የሚቀባው
የቀድሞ ወዳጅዎ

ማስታወሻ፦ በልምምዱ ብርታት እጄ ለሰላምታ ያህል መነሳት ጀምሯል። እንግዲህ መንገድ ላይ ተገናኝተን ሳይነሳልዎት ቢቀር፣ ሕመሙ አገርሽቶበት ነው ብለው እንዳይጨነቁ።