ስለ «ቪአይዲ 0093» እና ስለ ባለቤቴ አንደበት

ለተከበሩ የቪዲዮ ማሳያው ድርጅት የአቤቱታ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ለደብዳቤዎቼ በደቂቃ ውስጥ ያንኑ መልስ የሚልክልኝ ማሽንዎም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ልብስ ሰፊዋ፣ ይህን ስድስተኛ ደብዳቤዬን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ስጽፍልዎ፣ በሕይወት አለሁ።

ለማያውቅ ላስረዳ። የአውቶቡስ ሾፌር የነበረው ባለቤቴ ስትሮክ መትቶት አንደበቱ ተያዘ። ንግግር የምታለማምደው ባለሙያ እንድታየው ብዬ «በር፣ ውሃ፣ ቁልፍ» ለማለት ሲታገል ቀረጽኩት፤ በስልክ አልላክ ሲለኝም እሱ ድሮ እናንተ ዘንድ በከፈተው ገጽ ላይ ጫንኩት። ርዕስ መስጠት እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ስልኩ ያወጣለት ስም፣ «ቪአይዲ 0093»፣ እንዳለ ቀረ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

፩. ቪዲዮውን ለማያውቀን ሕዝብ ሁሉ በየቤቱ ስላደረሳችሁልን ከልብ አመሰግናለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እኔ የሰማሁት አራት ሚሊዮን ሰው ካየው በኋላ፣ ሱሪ ሊያሳጥር ከመጣ ደንበኛ ነው። አንዱ 0093 የተቀበረ ሣጥን ቁጥር ነው ይላል፤ ሌላው ባለቤቴ የታገተ ሰላይ ነው ብሎ ይምላል። ወይ ጉድ! መታገቱንስ ታግቷል፤ ያገተው ግን የገዛ ምላሱ ነው።

፪. ከጀርባው ግድግዳ ላይ በጠመኔ የጻፍኳቸውን ቁጥሮች ደምረው የዓለምን መጨረሻ ቀን ያወቁ ሊቃውንት ተነስተዋል። ቁጥሮቹ የጎረቤቴ የቀሚስ ልኬት ናቸው። እሷም ወገቧ አደባባይ ስለወጣ አኩርፋኛለች።

፫. ቪዲዮውን አንሱልኝ ስላችሁ «የገጹ ባለቤት የይለፍ ቃሉን ያስገባ» አላችሁ። ቃሉን ይዞልን የነበረው ስልክ ወድቆ ከተሰበረ ወዲህ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ መናገርም መጻፍም አይችልም። ማስረጃ ካሻችሁ ቪዲዮው አለላችሁ።

ወጣቶች መስኮታችን ሥር ቆመው አነጋገሩን እያስመሰሉ ይሳሳቃሉ። እሱ ይሰማል፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳ ያዞራል። ምን እንደማደርግለት አላውቅም፣ ጨንቆኛል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ይኸው ማሽን እለማመጣለሁ።

ስለማይሞቀውና ስለማይበርደው መመሪያችሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

የማሽንዎ ታማኝ ደብዳቤ ጸሐፊ፣
ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው፣ ባለቤቴ ስሙን በስልክ ተናግሮ ማንነቱን ቢያረጋግጥ ቪዲዮው እንደሚነሳ ነገራችሁኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። የተዋስኩትን ስልክ አፉ ሥር ያዝኩለት። ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ታገለ፤ ማሽንዎ «ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም፤ እባክዎ ይድገሙት» አለው። ሰባት ጊዜ ደገመው። በስምንተኛው ስልኩን ከእጄ ወስዶ ዘጋው። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም፤ ባለሙያዋም ተስፋ ቆርጣለች። ስለዚህ አቤቱታዎቼን በሙሉ ሰርዙልኝ። አደራችሁን፣ ቪዲዮውን እንዳታጠፉት፤ ድምፁን የምሰማው እዚያ ብቻ ነው።