የመምሬ ደምሌ ግዝት

ሰኞ

ይቆረጥ አሉ። መምሬ ደምሌ ስለ ምንጩ የተናገሩት በሙሉ ይቆረጥ። የደወለው ብሩክ ነው፤ ከአዲስ አበባ፣ የስፖንሰራችን የሕዝብ ግንኙነት። እርግጥ «ቁረጪ» አላለም፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አይወጣም። «ዘነቡዬ፣ ሚዛን ብቻ እንጠብቅ» ነው ያለኝ። ሚዛን ሲል ከአንዱ ወገን አንሥተሽ ጣይ ማለቱ እንደሆነ ካወቅሁ ቆየሁ።

ራሴ ስለዞረብኝ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። እኔና ሰይድ «ከጥዱ ሥር» የሚባለውን የፖለቲካ ውይይት በኢንተርኔት ማውጣት የጀመርነው ቱሪስት ጠፍቶ እኔ ከአስጎብኚነት፣ እሱ ከሰርግ ቀረጻው ሥራ በፈታን ጊዜ ነው። መጀመሪያ የነበረን አንድ ስልክ ነው። ከዚያ ስፖንሰራችን፣ የታሸገ ውሃ ፋብሪካው፣ መጣ። ካሜራ ገዛልን፣ መብራት ገዛልን፣ የምንቀዳበትን ቤት ተከራየልን። በምላሹ ጠርሙሱ ጠረጴዛችን ላይ ይቀመጥ፣ ጽሑፉም ወደ ካሜራ ይዙር አለ። ምን ችግር አለው አልን። ቀጥሎ የእንግዶቹን ስም አስቀድመን እንድንነግራቸው ጠየቁ፣ «ለማወቅ ያህል»። ከዚያ ጥያቄዎቹን። ከዚያ ቅጂውን ሳይወጣ በፊት። የቻናሉን የይለፍ ቃልም «ለደኅንነት» ብለው ወስደዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኛው እንቁላል ሄዶ ሄዶ ወንበራችን ላይ ጉብ ብሏል።

ቅዳሜ የቀዳነው ለኢንቨስትመንት ስለሚሰጥ መሬት ነበር። መምሬ ደምሌ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ካለች መንደር የመጡ ቄስ ናቸው፣ ገበሬም ናቸው። ስማቸውን ስንልክ ብሩክ ወዲያው ነው የተስማማው። ቄስ ናቸው፣ ይመርቃሉ ብሎ መሰለኝ። መረቁም። ከዚያ ግን ፋብሪካው ለአዲስ ማምረቻ የፈለገው የእሳቸውን መንደር ምንጭ መሆኑን ተናገሩ። «ችካል ተክለውበት ሄዱ። ማን ፈቀደላችሁ ስንል ማኅተም አሳዩን። ማኅተም ውሃ አይጠጣ፤ ውሃ የሚጠጣ ከብቱ ነው፣ ሰዉ ነው» አሉ። ጠርሙሱ ከፊታቸው ተቀምጧል። መሐል ላይ ሳል ቢይዛቸውም አልነኩትም።

የባሰው የተከተለው ነው። ሰይድ ማይኩን ከነጠላቸው ሲፈታ ተነሥተው መስቀላቸውን አወጡ። አንድ ጊዜ ሬዲዮ ቀድቷቸው ምርቃታቸውን አሰምቶ ወቀሳቸውን አስቀርቶባቸው ኖሯል። «ይኸን ቃሌን ቆርጦ የሚጥል፣ አጣሞም የሚያወጣ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል የተገዘተ ይሁን» አሉ።

እኔም ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ። ቄስ መስቀል አንሥቶ ሲናገር ከአሜን ሌላ ምን ይባላል? አፌ ቀደመኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ማክሰኞ

ጧት ሰይድን አንድ ነገር ጠየቅሁት፣ ስጽፈው አፈርኩ። አንተ ሙስሊም ነህ፣ ግዝቱ አያስርህም፣ አንተ ቁረጠው አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው።

«እኔ አልነካውም እቴ። የጋሸና ልጅ ነኝ፤ የሼኩንም የቄሱንም ቃል ስንፈራ ነው ያደግን።»

እሺ። ካልቆረጥኩ ምን ይሆናል? ካሜራው ይሄዳል። ቤቱ ይሄዳል። ለገና ምእመናኑ ሲገቡ እናደርገዋለን ያልነው የቀጥታ ሥርጭት ይቀራል። ሰይድ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ይዞ ጋሸና አባቱ ቤት ይገባል። እኔም ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆሜ የማይመጣ ፈረንጅ እጠብቃለሁ። ከቆረጥኩስ? ግዝቱ አለ። ግዝቱንም ተይው፣ መምሬ ደምሌን ቅዳሜ ገበያ ሳገኛቸው በየት በኩል አልፋለሁ?

ከሰዓት ብሩክ ደወለ። አልችልም አልኩት፣ ተገዝቻለሁ። «ማን ነው የሚፈታው?» አለኝ፣ ማን ነው የሚፈርመው እንደሚባለው። ያሰረው ነው የሚፈታው አልኩት፣ እኔ ሞኟ።

አንድ ነገር እዚህ ብቻ ልጻፍ። ግዝቱ ተመችቶኛል። አልቆርጥም ከማለት አልችልም ማለት ይቀላል። ብሩክን ያስቀየሙት መምሬ ደምሌ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ረቡዕ

የነቢያት ጾም ነውና ቅዳሴ የወጣው ከሰዓት ነው። የንስሐ አባቴን ቤተ ማርያም ደጅ ጠብቄ ነገርኳቸው። ያሰረ ይፍታ፣ እኔ አያገባኝም አሉ። ልሄድ ስል ጠሩኝ።

«ግዝቱ ባይኖር ትቆርጭው ነበር?»

ስለ ኔትወርክ መበላሸት አወራሁ። ስለ መብራት መጥፋትም አወራሁ። በትዕግሥት ሰምተው መስቀል አሳልመው አሰናበቱኝ።

ማታ ከብሩክ መልእክት መጣ። ነገ በአውሮፕላን ይገባል። «አባን ሄደን በአክብሮት እናነጋግራቸዋለን» ይላል። እራቴን ትቼ ተኛሁ፣ እንቅልፍ ግን የለም።

ሐሙስ

ብሩክ የሚጠላ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። ከአውሮፕላን ሲወርድ አቅፎ ሳመኝ፣ ሰይድን ስለ ሚስቱ ጠየቀው። ለመምሬ ደምሌ ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍና ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ይዟል። መኪና ተከራይተን እስከሚያስኬደው ሄድን፣ የቀረውን በእግር። ዳገቱ ላይ ጫማው ሁለቴ አንሸራተተው፤ ሰይድ ነው የያዘው።

በምንጩ በኩል አለፍን። ችካሎቹ ቀይ ቀለም ተቀብተዋል። ሴቶች ጀሪካናቸውን ችካል ላይ ደግፈው ይቀዳሉ፣ አንዷ ፍየል ደግሞ ገመዷ ተጠምጥሞበት ትጮሃለች። ብሩክ ቆም ብሎ አየ።

መምሬ ደምሌን ያገኘናቸው አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ ነው። በሬዎቹን ለጎረቤት ሰጥተው ወደ እኛ መጡ። ሦስት ሽማግሌዎችም ተከተሉ። ብሩክ መስቀል ተሳለመ፣ ምንጣፉን ዘረጋ፣ ጃንጥላውን አቆመ፣ በሚያምር አማርኛ ለመነ። ልጅቷ ተጨንቃለች፣ እንጀራዋ ነው፣ ይፍቷት አለ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚሉት እኔ ነኝ ብዬ አቀረቀርኩ።

መምሬ ደምሌ እሱን ተዉትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያስጨነቀሽ የእኔ ግዝት ነው?»

«አዎ አባቴ» አልኩ።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። እንደዋሸሁ ያወቁ መሰለኝ። ከዚያ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉ።

«እንግዲያስ እግዚአብሔር ይፍታሽ። ቆርጠሽ ብትጥይውም ያንች ነው፣ ሳትቆርጭ ብታወጭውም ያንች ነው። በገመድ ተስቦ የሚወጣ ቃል እኔም አልፈልግ።»

ብሩክንም «ምንጣፍህን ጠቅልለህ ግባ ልጄ፤ መፍታት አይሸጥም» አሉት፣ ያለ ቁጣ። ወዲያው ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ፤ ገብሱ ሳይነሣ ንፋሱ እንዳያልፍባቸው ነው።

መኪናው ውስጥ ብሩክ ደስ ብሎት ነበር። እሁድ ምን እንደምናወጣ ያወራል። የታሰረ ሰው ሲፈታ ይቀለዋል ይባላል። እኔን ግን እግሬ ተፈትቶ መሄጃው ጠፋኝ።

ዓርብ

መብራት ስለነበረ ማመኻኛም አልነበረም። ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩና ቆረጥኩት።

አዎ፣ ቆረጥኩት። ቀላል ነው፤ እጅ ያውቀዋል። ስለ ምንጩ ያሉትን አወጣሁ፣ የቀረውን ገጠምኩ። ከፍቼ አየሁት። መምሬ ደምሌ እጃቸውን ዘርግተው «ይባርክላችሁ፣ ያብዛላችሁ» ይላሉ፣ ከፊታቸው ጠርሙሱ ጽሑፉን ወደ ካሜራ አዙሮ ቆሟል። መሐል ያለው ወቀሳ ሲወጣ ምርቃቱ በቀጥታ ጠርሙሱ ላይ ወረደ። ምንጫቸውን የሚያጥረውን ፋብሪካ ሲመርቁ አሳየኋቸው ማለት ነው። ሬዲዮው ያደረገባቸውን እኔም ደገምኩት፣ ያውም አሳምሬ።

ሰይድ ከኋላዬ ቆሞ አይቷል። ለጁምዓ ሄደ። ሲመለስ ሚስቱን አማክሮ ነበር። «ጋሸናም ሰው ነው የሚኖርበት በላት አለችኝ» አለ።

አለቀስኩ። በሰይድ ፊት ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱም ገመድ የሚጠቀልል መስሎ ፊቱን አዞረልኝ። የቆረጥኩትን በሙሉ መለስኩ። ከዚያ ድፍረቴ ሳያልፍብኝ ለብሩክ ደወልኩ። አልችልም ሳይሆን አልቆርጥም አልኩት። ቃሉ በግድም ቢሆን ወጣ።

አልተቆጣም። «እኔም ተቀጣሪ ነኝ ዘነቡ» አለኝ፣ ደከም ባለ ድምፅ። ሰኞ ዕቃውን የሚረከብ ሰው ይመጣል። ብሩክን ለመሸኘት አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መሄድ ነበረብኝ፣ አልሄድኩም።

ቅዳሜ

እሁድን አልጠበቅንም። ጧት ኔትወርኩ ደህና ሳለ ጫንነው። እየተንፏቀቀም ቢሆን ወጣ። ሰዉ ማየት ጀመረ፣ መጻፍም ጀመረ። አንዱ ከደሴ «የእኛም ምንጭ እንዲሁ ነው የሄደው» አለ። አንዱ ሰደበኝ። ስድቡም ደስ አለኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው የሚሰደብበት ነገር ተናገርን።

ምሳ ሳንበላ ጠፋ።

መጀመሪያ ኔትወርክ መሰለን። ሰይድ ወጥቶ ከጎረቤት ሆቴል በር ላይ ሞከረ። ቻናሉ አለ፣ የመምሬ ደምሌ ውይይት የለም። ልንገባ ስንል የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም አለን። ቀይረውታል። ማንም አልዛተብን፣ ማንም አልከሰሰን፤ በራችንን ከውጭ ቆለፉት፣ አለቀ። እስከ ዛሬ የሠራነው በሙሉ እነሱ ጋ ነው። ከሰኞ ጀምሮ የፈራሁት ለካሜራው ነበር፤ ይኼን አላሰብኩትም። ከንዴቴ የተነሣ ሻይ ደፋሁ።

ሰይድ ቅጂውን በሚሞሪ ይዞታል። «ሰው ሁሉ ስልክ አለው» አለ። በረንዳችን ሥር ለገና ቀድመው የገቡ ምእመናን አርፈዋል፤ ከሰቆጣ የመጡ፣ ከራያ የመጡ። ወርደን ከስልክ ወደ ስልክ ላክንላቸው። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ስልክ ከስልክ ማስጠጋት ብቻ። ለሌሎችም አቀብሉ አልናቸው። ያቀብሉ አያቀብሉ አላውቅም። አንዲት ሴትዮ የተላከላትን ሳትከፍት ስልኳን ሳመችው፤ የቄስ ምስል ስለሆነ ነው።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ወደ መንደሩ ወጣን፣ ሰይድና እኔ፣ በእግር። ተቆርጦ ወጣ ብለው ከሰው ከሚሰሙ ራሴ ላሳያቸው ብዬ። የመጣሁት ግን ይቅርታ ልጠይቅም ነው፤ ሐሙስ ያልኳቸው «አዎ» ሲቆረቁረኝ ሰንብቷል።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰዉ ከሰንበቴው ገና አልተበተነም። ስልኩን የድንጋዩ አጥር ላይ አቆምነው። መምሬ ደምሌ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስለ ችካሉ ያሉት ሲደርስ ሰዉ ሁሉ ወደ ምንጩ ዞሮ አየ። ስለ ማኅተሙ ሲደርስ ሴቶቹ ሳቁ።

ሲያልቅ ሐሙስ እንደዋሸኋቸው ነገርኳቸው። የያዘኝ ግዝቱ አልነበረም፣ ፍርሃት ነው አልኩ። ቻናሉ ከእጃችን እንደወጣ፣ ነገ ካሜራውን እንደሚወስዱት፣ ይኼ ቪዲዮ ከዚህ ስልክና ከምእመናኑ ስልክ በቀር የትም እንደሌለ፣ ችካሉንም ነቅሎ እንደማይጥልላቸው ነገርኳቸው።

መምሬ ደምሌ ስልኩን በጣታቸው ጠቆሙ።

«መሐል ላይ ሳል ይዞኝ ነበር» አሉ። «እሱንም አልቆረጥሽ።»

«አልቆረጥኩም አባቴ።»

«ሰማሁት» አሉና ሳቁ። ሰይድንም አንዴ ድገመው አሉት፣ ዘግይተው የደረሱ ሰዎች ነበሩ።