በረዶው ለአፍንጫሽ ነው

እሜቴ አስተማሪ፣

ለአፍንጫሽ በረዶ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ሾርባውን አሙቀሽ ጠጪ።

በክርኔ የመታሁሽ አውቄ አይደለም። ግን አንቺም አበዛሽው! «ዮጋ ያረጋጋሻል» ብለሽ ለምነሽ ወሰድሽኝ። በሩን ቆለፍሽ፣ መብራት አጠፋሽ፣ «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አልሽ። ከዚያ ድምፅ ሳታሰሚ ከኋላዬ መጥተሽ ትከሻዬን ተጫንሽኝ። ያ ያጠቃኝ ሰውዬም የመጣብኝ ከኋላዬ ነበር፤ ስነግርሽ አብረሽኝ አልቅሰሻል። እንዴት ይረሳል? ይባስ ብለሽ አፍንጫሽን ይዘሽ «አይዟችሁ፣ እሷ ድንጉጥ ናት» እያልሽ ተማሪዎችሽን አሳቅሽብኝ!

ልብስሽን ከገመዱ አውርጄልሻለሁ።

እናቴ ጋ ሄጃለሁ፤ እንዳትደውዪ። ሐሙስ ግን ትምህርቱ ላይ እመጣለሁ። ምንጣፌን በሩ አጠገብ አንጥፊልኝ፤ በሩ አይቆለፍ። ልትነኪኝ ከፈለግሽ ፊት ለፊቴ ቆመሽ ጠይቂኝ።

እምቢ ካልኩ፣ እምቢ ነው።